ዳንግላ ላይ ያነበብኩት የስጦታ ውል

ከአዊ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ጓደኞቼ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ብርድ ነው» እያልኩ አልፋቸዋለሁ። የቀረውን ግን እዚህ ልጻፈው።

የሪል እስቴት ሕግ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው አዲስ አበባ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ሲሆን፣ ትምህርቱን እስክጀምር እዚያው የአፓርታማ ሽያጭ ውል ሳረቅቅ ነበር የኖርኩት። እኔ የማውቀው ንብረት ፎቅ ላይ ያለ፣ የበር ቁጥር የተለጠፈበት፣ ካርታ ያለው ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ግን ከተማ ሲሰፋ ዳር ላይ ያለው የገበሬ መሬት እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሄድ ላጥና አልኩ። አማካሪዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም የሚለውን ከመጽሐፍ ታውቂዋለሽ። ሂጂና እንዴት እንደሚሸጥ እይ» አሉኝ። በሩን ልዘጋ ስል ደግሞ መልሰው ጠሩኝ። «ሄለን፣ ታያለሽ፣ ትሰሚያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። ምክር ግን አትሰጪም። ጥብቅና አይደለም የምትሄጂው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። የማስረከቢያ ጊዜዬን አንዴ አስረዝሜዋለሁ፤ ሁለተኛ ማራዘሚያ የለም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሳን። አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» አንዱ ሰላም ነው ይላል፣ ሌላው ትናንት ተዘግቶ ነበር ይላል። እኔ በየሰዓቱ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የትብብር ደብዳቤዬን እዳስሳለሁ። የደንገጎን ጠመዝማዛ እየወረድኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ገደል አያስፈራኝም እያልኩ ሳወራ ኖሬ፣ ዓባይ በረሃ ስንገባ የፊቴን ወንበር ጨምድጄ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አይታ ሳቀች።

«እኅቴ፣ ወንበሩን ብትለቂውም አይወድቅም።»

ዘምዘም ትባላለች። ጥሊሊ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ ይዛ መመለሷ ነበር። ድሬዳዋ ነኝ ስላት ስለ ሙቀቱ ጠየቀችኝ። እኛ ጋ ሌሊት በረንዳ ላይ ፍራሽ አንጥፈን እንደምንተኛ ስነግራት፣ «በረንዳ ላይ? እኛ ጋ ብትሞክሪው ጠዋት አጥበን ነው የምንቀብርሽ» አለች።

ጥሊሊ ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና «ዛሬ ከዚህ ወዲያ አይኬድም» አለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ዕቃውን ማውረድ ጀመረ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እንጅባራ የሚጠብቀኝ ቢሮ፣ ዳንግላ የምታሳርፈኝ ሰው፣ በቀን በቀን የተደለደለው ዕቅዴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አናቴ ላይ ወጣ። እናቴ ጋ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም።

«ምን ያስቆምሻል? ነይ እንጂ» አለች ዘምዘም፣ የሸክሟን ግማሽ እያሸከመችኝ።

ቤቷ ከሱቁ ጀርባ ነው። ገና ከሰዓት ሳለ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ወፍራም ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችብኝና ትኩስ ዳቦ በወተት ሻይ ሰጠችኝ። ምን እንደምማር ስነግራት ጥቂት አሰበች።

«እንግዲያው ልንገርሽ። እዚህ ሰው ስለ መሬት ስትጠይቂ ወረቀት ቀድመሽ አታውጪ።»

«የስምምነት ቅጽ ማስፈረም ግዴታዬ ነው። ሳያስፈርሙ መጠየቅ አይፈቀድም።»

«ፈቃዱን የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው። የሚፈርመው ግን እዚህ ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት መንገዱ ተከፈተ ተባለና በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ሄድኩ። ስንለያይ ስለ ማደሪያዬ ምንም አልቀበልም ብላ እጄን መልሳ ኪሴ ከተተችው። መንገዱ አጭር ነው። ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የግራር ዛፍ እንደ ተማሪ ሰልፍ በመስመር ቆሟል፤ በመካከሉ ድንች፣ የቀርከሃ አጥር፣ በፈረስ የሚሄድ ሰው። እኛ ጋ ግመል ነው እንጂ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ገበያ የሚወጣ አላይም። ተሳፋሪዎቹ ከተማዋን አሁንም በድሮ ስሟ ኮሶበር ነው የሚሏት፤ እኔ «እንጅባራ መቼ ነው የምንደርሰው?» ብዬ ስጠይቅ መሐሏ ገብተን ነበር።

ዞኑ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤዬን የተቀበሉት ጎልማሳ አንብበው ፈገግ አሉ። «እኅቴ፣ ይህ እኮ ለእኛ አልተጻፈም።» አየሁት። የተጻፈው የጎረቤት ዞን ስም ነው። ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በየሰዓቱ ስዳስሰው የዋልኩት ደብዳቤ መሆኑ ነው። እንባዬ መጣ። ሰውየው ይህን ሲያዩ ደነገጡ።

«ኧረ ተይ! በዚህ አይለቀስም። ዞናችንን ለጎረቤት ብትሰጪብንም እንግዳችን ነሽ» አሉና ራሳቸው ለወረዳው አዲስ ደብዳቤ ጽፈው፣ ማኅተም የያዘችውን ከምሳ አስጠርተው አስመቱልኝ።

ከሰዓት ከከተማዋ ዳር ሦስት ሰዎች አነጋገርኩ። ሦስቱም መጀመሪያ ተቀበሉኝ፤ ወንበር አወጡልኝ፣ ስለ አገሬ ጠየቁኝ። የስምምነት ቅጹን ሳወጣ ግን ፊታቸው ይለወጣል። «ስም አይጻፍም፣ ፊርማ ብቻ ነው» እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ቅጹን ገልብጠው ጀርባውን ሳይቀር አይተው መለሱልኝ። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ፈርሜ አጥሬ እስከ ቤቴ ደጃፍ ተገፋ። ሁለተኛ ብፈርም ከቤት ነው የምወጣ» አሉኝ። ዘምዘም ትዝ አለችኝ። ባዶ ቅጾቼን ይዤ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ገባሁ።

ዳንግላ የተቀበሉኝ የክፍል ጓደኛዬ አክስት እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ወጥተው የሄዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ልብስ ሰፊ። የኪራይ ቤታቸው የፊት ክፍል ሲንጀር የስፌት መኪናቸው የተቀመጠችበት መስፊያቸው ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ቦርሳዬን ከእጄ ነጠቁኝ። የለበስኩትን ስስ ሹራብ ሲያዩ «ይህን ለብሰሽ ነው አገራችንን ልታዪ የመጣሽ?» አሉና፣ እራት እስኪደርስ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጡ ድርብ የሆነ ኮት ቢጤ ሰፍተው አለበሱኝ። አሁንም ይህን ስጽፍ ለብሼዋለሁ። የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ፤ እንቢ ብል «እንግዳ አይከራከርም» አሉ።

ረቡዕ ከከተማው ዳር ወዳለ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፤ ሰው ተራ እስኪደርሰው ስለሚቀመጥ ለወሬ ይመቻል ብዬ ነው። እዚያም ቅጹን ሲያዩ አንድ በአንድ ተንሸራተቱ። ልሄድ ስል ገብስ ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴት ተከተለችኝ።

«እኅቴ፣ አንቺ የሕግ ወረቀት ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ።»

«አባቴ ዘንድ አንድ አለ። እኔም ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ አነበብኩት፣ ግን አልገባኝም።»

ስሟ ጥሩዬ ነው። የአባቷ የአያ ደሴ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ብዙ አይርቅም፤ አብረን ሄድን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ መሬቱን የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። የሚናገሩት አዊኛ ነው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ለመናገር ግን ይከብዳቸዋል። ጥሩዬ ታስተረጉማለች። በመንገዱ ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት ለሰባት ክረምት ለአንዲት የከተማ ሴት እንዳከራዩ፣ ሴትዮዋን የሚያውቋት በደላላው በኩል እንደሆነ፣ ክፍያውንም ለዓይናቸው ሕክምና እንዳዋሉት ነገሩኝ። ዓርብ ደላላው ኪራዩን ለማስመዝገብ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ይወስዳቸዋል። አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል።

ወረቀቱን ከላስቲክ ከረጢት አውጥተው ሰጡኝ። ቆሜ ነበር ማንበብ የጀመርኩት፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ተቀመጥኩ። «…ይህን ይዞታዬን በሙሉ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለዘለቄታው በስጦታ ሰጥቻለሁ…» ኪራይ የሚል ቃል የለበትም። ከታች የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከአሻራው ጎን የስጦታ ተቀባይዋ ስም ከነአባቷ ተጽፏል።

እትዬ ሙሉነሽ ናቸው።

«ምን ይላል?» አለች ጥሩዬ።

ምክር አትሰጪም ተብያለሁ። የለበስኩት ኮት የእሳቸው ነው። «ጽሑፉ ደብዘዝ ይላል፤ ነገ ተመልሼ በደንብ አነበዋለሁ» አልኩ። ጽሑፉ እንደ መስታወት የጠራ ነበር። አያ ደሴ አመስግነው፣ ለመንገድ ብለው የተቀቀለ ድንች በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ።

ማታ እራት አልወርድ አለኝ። እትዬ ሙሉነሽ የምበላውን እያዩ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» ይሉኛል። ደክሞኝ ነው አልኩ። ሊያጫውቱኝ ብለው ከሲንጀሩ መሳቢያ ደብተር አወጡ። በእርሳስ ቤት ሥለዋል። ሁለት ክፍል፣ ከፊት ደግሞ ወደ መንገድ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው መስፊያ ክፍል።

«ስድስት ቤት ለቅቄአለሁ፤ በስድስቱም ይህችን መኪና ተሸክሜ ነው የወጣሁ» አሉ፣ ሲንጀሯን እያሳዩኝ። «ዓርብ መሬቱ በስሜ ይዞርልኛል። ከዚያ ወዲያ ውጪ የሚለኝ የለም።»

ሐሙስ ጠዋት ወደ አማካሪዬ ደጋግሜ ደወልኩ፤ መስመሩ አይሠራም። ዝም ብዬ ልሂድ አልኩ። ቦርሳዬን ሸከፍኩ፤ መልሼ ፈታሁት። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ያ ወረቀት ለሁለቱም አይበጅም። የገጠር መሬት ስጦታ ካልተመዘገበ ውጤት የለውም፤ በእርሻ ለማይተዳደር የከተማ ሰውም አይሰጥም። ነገ ምዝገባው ባያልፍ እትዬ ሙሉነሽ ይከስራሉ፣ በስሕተት ቢያልፍ ሽማግሌው መሬታቸውን ያጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ክርክር ተነሥቶ ቤቱ ይፈርሳል። መጀመሪያ ለማን ልንገር የሚለው ነበር የቀረኝ። የበላሁበት ቤት ሰው ከሌላ አፍ ሊሰማው አይገባም ብዬ ወደ መስፊያው ክፍል ወጣሁ።

«እትዬ፣ አያ ደሴን ያውቋቸዋል?»

የስፌት መኪናዋ ፔዳል ቆመ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ኪራይ ነው ብለው እንደሚያምኑም፣ ሕጉ የሚለውንም። ስጨርስ መስፊያው ላይ የነበረውን ጨርቅ ቀስ ብለው አጠፉት።

«ቤቴ አድረሽ ስለ እኔ ልትመረምሪ ነው የመጣሽ?»

«አላወቅኩም ነበር። ስምዎን ያየሁት ትናንት ነው።»

«ትናንት አይተሽ ማታ ከእኔ ጋር በላሽ።»

ዱካ ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ስጦታ ማለቱን አውቃለሁ» አሉ ቆይተው። «ሽያጭ አይቻልም፣ ስጦታ ይባል አለኝ ደላላው። እሳቸውም ያውቃሉ ብዬ ነው። አዊኛ እኮ እችላለሁ፤ እናቴ አዊ ናት። አንድ ቀን ራሴ ሄጄ ብጠይቃቸው በቀላሉ እሰማው ነበር። አልጠየቅኋቸውም።» ነጠላቸውን ለብሰው ወጥተው ሄዱ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም።

ከዚያ በእግሬ ወደ አያ ደሴ ሄድኩ። ጥሩዬ እያስተረጎመች ወረቀቱን አነበብኩላቸው። «ለዘለቄታው» የሚለው ጋ ስደርስ ጥሩዬ መተርጎም አቃታት፤ አፏን በእጇ ያዘች። አባቷ ግን ያቺን ቃል በአማርኛ ሰምተዋታል። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አውራ ጣታቸውን ዞር አድርገው አዩትና አንድ ነገር ተናገሩ።

«ይህን ጣት ለሰባት ክረምት ነበር ያጠቆርኩት ይላል» አለች ጥሩዬ።

ያን ቀን ማታ እትዬ ሙሉነሽ አላናገሩኝም። ገበታው ላይ ግን ለእኔ ብቻ ተከድኖ የተቀመጠ ሽሮና ትኩስ እንጀራ አገኘሁ። ብቻዬን በላሁ።

ዓርብ መሬት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ጠበቃ ለጠበቃ በስልክ ይጯጯሃል፤ ባለቤቶቹ ፊት ለፊት አይተያዩም። እዚህ ግን አያ ደሴ ከሁለት ሽማግሌዎችና ከጥሩዬ ጋር ከወዲህ መጡ፤ ደላላው፣ ጃኬት የለበሰ ፈገግተኛ ሰው፣ ከወዲያ መጣ። እትዬ ሙሉነሽ ብቻ የሉም። ደላላው ሽማግሌውን በትከሻቸው አቅፎ «አያ፣ ደብተሩን ይዘዋል? እንግባ» አለ።

«ቆይ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

እትዬ ሙሉነሽ ነበሩ። ወደ እኔ አላዩም። ደላላው ፊት ቆሙ።

«ለእኔ ለዘለቄታው ነው ብለኸኛል። ለእሳቸው ምን ብለህ ነበር የነገርካቸው? አሁን በፊቴ ንገራቸው። በአዊኛ ንገራቸው፤ እሰማለሁ።»

ሰውየው ከአንዱ ወደ አንዱ አየ። ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም። ስልኩ ሳይጠራ አንሥቶ ጆሮው ላይ አድርጎ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ ሄደ። አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው፤ ንግግሩ በአዊኛ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ካለ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እስከ ምሳ ተነጋገሩ። እትዬ ሙሉነሽ አንዴ ተነሥተው ሊሄዱ ሲሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነጠላቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። አያ ደሴ ለረጅም ጊዜ መሬቱን እያዩ ተናገሩ። ጥሩዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የበላሁትን አልክድም ይላል። ሰባቱ ክረምት ይሁንላት፤ የእንጨት ቤት ሠርታ ትስፋበት፣ ስትወጣ እንጨቱንም ቆርቆሮውንም ይዛ ትሂድ ይላል።»

«እትዬስ ምን አሉ?»

«ሰባተኛ ቤት ልለቅ ነው አለች።»

በመጨረሻ ገቡ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሰምቶ፣ የስጦታውን ወረቀት ሽሮ፣ የሰባት ዓመት የኪራይ ውል ጻፈ። እያንዳንዱ መስመር በአማርኛ ተነበበ፤ እትዬ ሙሉነሽ ራሳቸው ለአያ ደሴ ወደ አዊኛ መለሱላቸው። አንድም ቃል አልዘለሉም። ጥሩዬ እያዳመጠች ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ከሰዓት መስመሩ ተከፍቶ አማካሪዬን አገኘኋቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። «ጉዳዩን ከጽሑፉ አውጪው» አሉ። «እጅሽን ካስገባሽበት በኋላ ያንቺ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።» ከአዊ ይዤው የምመለሰው ብቸኛው ጉዳይ እሱ ነበር። የቀሩት ባዶ ቅጾች ናቸው። «ክፉ ሥራ ሠራሽ ማለቴ አይደለም» ብለው ጨመሩ፤ ይህን ብለው ግን ማራዘሚያ አልሰጡኝም። አሁን በሌላ ርዕስ፣ በተዘጉ የፍርድ ቤት መዝገቦች ላይ፣ ቀን ከሌት እየጻፍኩ ነው፤ እደርስ እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሣሁ። እትዬ ሙሉነሽ ቤት ውስጥ የሉም። ኮቱን አጥፌ አልጋው ላይ ልተወው ብዬ አወለቅኩት፤ ብርዱን ሳየው መልሼ ለበስኩት፤ አፈርኩ። ሳልሰናበት ወደ መናኸሪያ ወጣሁ።

አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሾፌሩን «ይህች የእኔ እንግዳ ናት፤ መንገድ ቢዘጋ ሜዳ ላይ እንዳትጥላት» እያሉት ነበር። ዳቦና ቅቅል እንቁላል የቋጠሩበትን ፌስታል እጄ ላይ አደረጉ። የኮቴ ሁለተኛ ቁልፍ ተከፍቶ አይተው ቆለፉልኝ።

«ተቀይሜሻለሁ» አሉኝ። «ከልቤ ነው። ስትደርሺ ግን ደውይ።»

መንገዱ ሁለት ጊዜ ቆመ። ዓባይ በረሃ ላይ ወንበሩን ይዤው ነበር። አዲስ አበባ የገባነው ሲመሽ ነው፤ ገና ከአውቶቡሱ ሳልወርድ፣ ሰው ሻንጣውን እያወረደ በላዬ ሲያልፍ፣ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ።

«ገባሽ?»

«ገባሁ፣ እትዬ።»

ከኋላቸው የስፌት መኪናዋ ፔዳል ድምፅ አልነበረም።

«ተመስገን» አሉና ዘጉት።